ኮርቻ ፈላጊዎቹ

አሠሪዬ ከዐረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ላይ የኢንተርኔት ሱቅ የከፈተች ሴት ነበረች። ከጉና በግ ጠጉር የተሠራ ባና፣ ጋቢ፣ ማርና በሶ ትሸጣለች፤ ዕቃው በሚኒባስ እስከ ሐሙሲትና ባሕር ዳር ይሄዳል። ችግሩ ሰው ገጹን ከፍቶ ምንም ሳይገዛ መውጣቱ ነበር።

«ይህን ሁሉ ዕቃ ማን እስከ ታች ወርዶ ያያል? መፈለጊያ ሥራልኝ» አለችኝ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሸጠ ግን ዘግቼ ቅዳሜ ገበያ እዘረጋለሁ። አንተም መንገድህን ፈልግ።»

ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የስልክ ቪዲዮ እያቆምኩ፣ በደብተር እየገለበጥኩ ነው የተማርኩት። የፍለጋ አገልግሎቱን ሰርቨር ላይ ጫንኩና የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ቀለምና ስፋት መዘገብኩለት። ባናዎቹን በሜትር የለካሁት ራሴ ነኝ፤ ሸማኔው በክንድ የነገረንን አላመንኩም። በመጨረሻም አንድ ደንብ ሰጠሁት፦ ሰው ደጋግሞ የፈለገው ዕቃ ከሁሉ በላይ ይውጣ።

በሳምንቱ ከሁሉ በላይ የወጣው የበቅሎ ኮርቻ ሆነ።

ኮርቻው አንድ ብቻ ነው፤ ከአባቷ የቀረ፣ ለጌጥ ያህል ፎቶውን የለጠፈችው። እሷ ግን እልል አለች። «ሕዝቡ ኮርቻ ነው ለካ የጠማው! ነገ አንበሳሜ ሄጄ ዐሥር አሠራለሁ።»

እኔ ግን የፍለጋውን መዝገብ መስመር በመስመር አነበብኩት። ሠላሳ አንድ ሰው «ኮርቻ» ብሎ ጽፏል። ሁሉም ኮርቻውን ለሁለት ሰከንድ ያዩና ወደ ታች ወርደው ባናው ላይ ይቆማሉ፤ አራት ደቂቃ፣ ስድስት ደቂቃ። ከዚያ ውልቅ! በተመዘገበው ስልክ ቁጥር እንዳየሁት ከፈላጊዎቹ አንዱ የገዛ አጎቷ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ እህል ነጋዴ።

በማግስቱ ጠዋት እኚሁ አጎት ወደምንሠራበት ቤት ሲመጡ፣ እሷ ለመንገድ ነጠላዋን እየለበሰች ነበር።

«ጋሼ፣ ኮርቻ ይፈልጋሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«በቅሎዬ ከሞተች ስንት ዘመኗ! ምን ላድርገው?»

«ሦስት ጊዜ ጽፈው ፈልገዋል ብዬ ነው።»

«ይኸው! ከወዲያ ሆኖ የሚያየኝ እንዳለ ጠርጥሬ ነበር፤ አንተ ነህ ለካ! ታዲያ ባና ብዬ ብጽፍ ዋጋ ልትቆልልብኝ? ልቡን ለነጋዴ የሚያሳይ የማን ቂል ነው?»

«ዋጋው እኮ ተጽፏል፣ ጋሼ።»

«የተጻፈውማ መነሻው ነው። እናንተስ ምን ዓይነት ነጋዴዎች ናችሁ? ጀርባዬን ሰጥቼ ስሄድ አንድ እንኳ ‹ይመለሱ› የሚለኝ ይጥፋ?»

አሠሪዬ ነጠላዋን ቀስ ብላ አወለቀች። «ሠላሳ አንዱም እንዲህ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የመዝገቡን ገጽ አዞርኩላት።

ሁለት ቀን ሠራሁ። ደንቡን ገለበጥኩት፤ መፈለጊያው ሰው የጻፈውን ሳይሆን ረጅም ጊዜ ቆሞ ያየውን ያስቀድም ጀመር። ኮርቻ ብሎ ለጻፈ ሰው ኮርቻውን ያሳየዋል፤ ከሥሩ ግን በአጋጣሚ የወጣ መስሎ ባናው ይከተላል። ሳይገዛ ሊወጣ ሲል ደግሞ «ኧረ ይመለሱ! አስተያየት እናደርጋለን» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ምን ያህል ዝቅ እንደሚል እሷ ወሰነች፤ መጀመሪያ ዋጋውን ያንኑ ያህል ከፍ ማድረጓን ለማንም አልተናገርኩም።

አጎትየው በማግስቱ አንድ ባና ገዙ፤ እንዳሸነፉን ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። የእሳቸው ወሬ ከእኔ መፈለጊያ የበለጠ ሳይሠራ አልቀረም። ወሩ ሳያልቅ ባናው አለቀ።

በዚያው ቀን አንድ የሐሙሲት ገዢ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ መፈለጊያው ላይ አንድ ቃል ጻፈ፦ «ምርቃቱስ?» መፈለጊያው «የጠየቁት ዕቃ የለንም» ብሎ መለሰለት።

አሠሪዬ ከትከሻዬ በላይ አንብባ ደነገጠች። «የለንም? እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? ሩብ ኪሎ በሶ ጨምርለት! ምርቃትንም ከዕቃዎቹ ጋር መዝግበው።» ከዚያ ስልኳን አንስታ፣ ገበያ ላይ ቦታ ይዞላት ለነበረው ሰው ደወለች። «ለሌላ ስጠው፤ ምርቃት የሚጠይቅ ደንበኛ ይዤ የትም አልሄድም» አለችው።