የወሰኑ ነጥብ

ጨዋታውን የጀመርነው ክረምት ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የደብረ ማርቆስ ዝናብ ቤት ውስጥ አስቀምጦን። እኔ ጂኦግራፊ፣ እሷ ሒሳብ እናስተምራለን። ከኮምቦልቻ ተመድባ ስትመጣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከክፍሌ ጎን ገባች። የፍሪጅ ካርቶን ዘርግተን ካሬ ካሬ አሰመርንበት። መጫወቻችን ቆርኪ ነበር፤ የእሷ በፊቱ፣ የእኔ በጀርባው። ብዙ መሬት የያዘ ያሸንፋል። ለእኔ ደንብ ማለት ይኸው ነበር፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

እሷ ግን "ሰው ሳይሞክረው ደንብ አይባልም" አለችና አከራያችንን ጠራች። ከአምበር ገጠር ወደ ከተማ የገቡ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። ከጎረቤታቸው ጋር ተቀምጠው አሳምረው ተጫወቱ። ይዞታቸው ሊገናኝ ሲል ግን መካከል ላይ አንድ መስመር ባዶ ትተው፣ ቆርኪ በእጃቸው እያለ ቁጭ አሉ።

"አባባ፣ እዚህ ጋ ገና ቦታ አለዎት እኮ" አልኳቸው።

"ይቺማ ወሰን ናት። ወሰን ሲታረስ አይተሽ ታውቂያለሽ እንዴ ልጄ?"

ሳቅን። ግን ከዚያ በኋላ የጋበዝናቸው የሰፈር ሰዎችም ያንኑ አደረጉ፤ ጨዋታው በየቀኑ እኩል ለእኩል እየሆነ ይቆማል። እኔ ተናድጄ "ያልያዘ ይቀጣ" አልኩ። እሷ ቆርኪ እያሽከረከረች ቆየችና፣ ባዶ የተተወ ወሰን ለሁለቱም ጎረቤቶች ነጥብ ይስጥ አለች። ጨዋታው ነፍስ የዘራው ያኔ ነው። ሰዎች በመሬቱ ብቻ ሳይሆን በጎረቤትም ይሻሙ ጀመር።

የተጣላነው በአንዲት ነገር ነው። ለሦስት ስንጫወት አንዱ ተሸንፎ ቢወጣ፣ ከእሱ ጋር የነበረን ወሰን ምን ይሆናል? እኔ ነጥቡ ለቀረው ሰው ይቆጠርለት አልኩ። እሷ ዜሮ ነው አለች።

"አንዱ ከሄደ ምን ወሰን አለ? ባዶ መሬት ነው።"

ምሳ አብረን እየበላን ተጨቃጨቅን። ማታ ተለያይተን ስንገባ አዲስ መከራከሪያ ከመጣላት ግድግዳውን ታንኳኳለች። ያ ጭቅጭቅ ምን ያህል እንደሚናፍቀኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ ኮምቦልቻ የመመለስ ዝውውሯ ደረሰ። ያመለከተችው እኔን ከማወቋ በፊት ነበር፤ እናቷ ብቻቸውን ናቸው። ደስ ብሎኛል አልኳት። በባጃጅ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋትና ካርቶኑ ወዳለበት ቤት ተመለስኩ።

አሁን እሑድ እሑድ ከአባባ ጋር እጫወታለሁ፤ ዛሬም ወሰናቸውን አይነኩም። ክፍሏን ባንክ የምትሠራ ልጅ ይዛዋለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ግድግዳው ላይ ምስማር ስትመታ ግን እኔ ከአልጋዬ ቀና እላለሁ።

ባለፈው ከኮምቦልቻ ስትደውል ስለ እናቷ፣ ስለ አዲሶቹ ተማሪዎቿ አወራችኝና፣ "ያቺን ደንብ ምን አደረግሻት?" አለችኝ።

"አንቺ ልክ ነሽ" አልኳት። "አንዱ ከሄደ ዜሮ ነው።"

አሸነፍኩሽ ብላ ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። 

"እኔም ጋ ዜሮ ነው" አለችኝ።