በይሉኝታ የታገተ ምዕራፍ

እኛ አገር ወይዘሮዋን 'ኢቡ'፣ አቶውን 'ፓክ' እንላለን። ኢቡ ፑርዋንቲን ለማያውቅ ሰው ኮስታራ ይመስላሉ። ይሉኝታቸው ነው እንጂ ኮስታራስ አይደሉም። ዮግያካርታ ከተማ ተቀምጠው አሥራ አንድ የዶክትሬት ተማሪዎችን በኢንተርኔት ያማክራሉ። በአካል ያገኙት ሁለቱን ብቻ ነው፤ የእያንዳንዳቸውን ልጆች ስም ግን ያውቃሉ። እኔ፣ ያዩክ የምባል የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ፣ ጠረጴዛዬ ከሳቸው ፊት ለፊት ስለሆነ የማላየው ነገር የለም።

አንድ ዓመት ሱገንግ የሚባል ተማሪያቸው ድምፁ ጠፋ። ዎኖሶቦ በሚባል ተራራማ አካባቢ የሚያስተምር፣ አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ነው። ኢቡ የመመረቂያ ጽሑፉን ሦስተኛ ምዕራፍ አርመው ከላኩለት አራት ወር ሆነ። እስከ ዓርብ ካላስገባ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ የስድስት ዓመት ልፋቱም ገደል ይገባል። የስረዛውን ደብዳቤ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት አላስችል አለኝ።

"ኢቡ፣ ምናለ ቢደውሉለት?"

"ትልቅ ሰው ነው እኮ። መምህር ሲደውል ሰው ይደነግጣል።" ስልካቸውን አሳዩኝ። "ሰኞ ሰኞ ስልኩ 'እየጻፈ ነው' ይለኛል። እጠብቃለሁ። ከዚያ ይጠፋል፣ መልእክትም አይመጣም።"

"አራት ወር ሙሉ እያዩ ዝም?"

"ዝም አይነቅዝም ያዩክ።"

"ይኸው ነቀዘ!" አልኳቸው። አፌ አያርፍም፤ እሳቸውም ለምደውታል።

ራሴው ደወልኩ።

"ከጨረስኩት እኮ ሁለት ወር አለፈው" አለኝ ሱገንግ እየተንተባተበ።

"ታዲያ ምን ይጠብቃሉ ፓክ ሱገንግ?"

"ኢቡ እንዲጠይቁኝ ነዋ! ሥራ ይበዛባቸዋል። 'ልላክ ወይ?' ብዬ እጀምርና አጠፋዋለሁ። ደግሞ ገጽ አርባ ላይ ያረሙት አልዋጥ አለኝ። መምህሬን ተሳስተዋል ልበል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።"

ወይ ጉድ! አንዱ እዚያ አንዷ እዚህ፣ ላለማስቸገር ሲሉ ሰው ሊሰረዝ! ደሜ ፈላ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ኢቡ ጆሮ ላይ ለጠፍኩት።

"ይነጋገሩ! ዓርብ እኮ ሦስት ቀን ብቻ ቀረው!"

አምስት ደቂቃ ሙሉ ይቅርታ ሲጠያየቁ አለቀ። እኔ ጥርሴን እያፋጨሁ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ኢቡ "ገጽ አርባ ላይ ምን አጠፋሁ?" አሉት። "ኧረ ምንም" አለ። "ካልነገሩኝ የምዕራፉን ማጽደቂያ አልፈርምም" አሉት። እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ኢቡ፣ እርስዎ የተራራው ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ትምህርት ስለሚጠሉ ነው ብለው ጽፈዋል" አለ ሱገንግ ቀስ ብሎ። "አይደለም። ድንች ሊለቅሙ ነው የሚቀሩት። እኔም አብሬያቸው ለቅሜያለሁ። ወላጆቻቸው ብቻቸውን አይችሉትም።"

ኢቡ መነጽራቸውን አወለቁ። ዎኖሶቦን ረግጠዋት አያውቁም።

"እውነትዎን ነው" አሉት። "የእኔን እርማት ይሰርዙት፣ የራስዎን ይጻፉ።"

ሐሙስ ከምሳ በፊት ምዕራፉ ገባ። እሰይ ብዬ ጮኽኩ፤ ከጎረቤት ቢሮ ሰው ብቅ ብሎ አየኝ። ኢቡ ፈርመው ወረቀቱን ሲሰጡኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

"ሠላሳ ዓመት ሳስተምር፣ ተሳስተዋል ያለኝ እሱ የመጀመሪያው ነው" አሉኝ። "ስንቱ ዝም ብሎ ቀርቶብኝ ይሆን?"

መልሴን ሳይጠብቁ ስልካቸውን አንስተው ለቀሩት አሥር ተማሪዎች በየተራ መደወል ጀመሩ።