ከጣሪያው ሥር ያለው ብየዳ

የእህቴ ባል በያጅ ነው። ሠላሳ ዓመት አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠርተናል፤ እኔ ቱቦ እቆርጣለሁ፣ አጎብጣለሁ፣ እሱ ይበይዳል። ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። አንድ ደንበኛ «በግምት ቁረጠው» ቢለው ሜትሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እንግዲያው በግምት የሚሠራ ቤት ፈልግ» ብሎ ሸኘው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ቢበልጠኝ አምስት ዓመት ነው፤ ግን እንኳን እኔ የገዛ እናቱም ትፈራው ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረችው። እህቴ ስትሞት ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ስለነበር ያሳደግናት እኔና እሱ ነን። አሳደግናት ስል ያው እንደነገሩ ነው፤ እጃቸውን ግሪስ የነካቸው ሁለት ወንዶች ጠዋት ጠዋት አንድ ጉንጉን ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ሲታገሉ አስቡት። ትምህርት ቤት ስትደርስ ጸጉሯ የናፍጣ ሽታ ነበረው። ስታድግ ሹፌር ሆነች፤ አስፋልት የማትወድ ዓይነት ሹፌር። አንድ ያረጀ ፒክአፕ ገዝታ ሞተሩን በራሷ እጅ አደሰች፣ መኪናውን ከመሬት ከፍ አደረገችው፣ ትልልቅ ጎማ አሰረችለት፤ በድንጋይና በአሸዋ ላይ ልትወዳደርበት ነው። የቀረው ቀፎው ብቻ ነበር።

ቀፎ የምንለው መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይደፈጠጥ ከውስጥ የሚሠራ የቱቦ አጥንት ነው። ጣጣው ያለው ላይኛው በኩል ነው። ቱቦዎቹ ጣሪያው ሥር ተለጥፈው ስለሚቆሙ የመጋጠሚያቸው ጀርባ እጅ አይገባውም። ሰነፍ በያጅ ፊት ለፊቱን በይዶ ጀርባውን ለፈጣሪ ይተወዋል። ጋሼ ግን በቀፎው እግሮች ሥር የመኪናውን ወለል ይበሳና ቀፎውን በቀዳዳዎቹ ወደ ታች ያወርደዋል። እንዲህ ሲሆን ከላይ ክፍተት ይገኛል፤ መጋጠሚያውን ዙሪያውን ይበይዳል። ከዚያ ቀፎውን ወደ ቦታው ከፍ አድርጎ ቀዳዳዎቹን በወፍራም ላሜራ ይደፍናል፣ እግሮቹንም ላሜራው ላይ ይበይዳል። ከዚያ ወዲያ ያንን ጀርባ የሚያይ ሰው የለም።

ስለዚህ አንድ ሕግ ነበረን። የበየደ ሰው የራሱን ሥራ አይፈትሽም። እሱ የበየደውን እኔ በባትሪ እያበራሁ፣ በጣቴ እየዳሰስኩ አይቼ፣ ደህና ከሆነ በጠመኔ ምልክት አደርግበታለሁ። ጠመኔ ያልነካው ቀፎ ወደ ላይ አይመለስም።

ያን ሰሞን የጋሼ ዓይን እንደደከመ አውቄአለሁ። ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆው መሙላቱን በጣቱ ነው የሚያውቀው። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው ድምፁን እስኪሰማ ይጠብቃል። ዕድሜ ልኩን የብየዳ እሳት ያየ ዓይን ከዚህ የተሻለ ምን ይሆናል? እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ሰው ራሱ ያላነሳውን ነገር እንዴት ያነሱበታል? ይሉኝታ ያዘኝ። ዛሬ ይህን ቃል ስሰማ ያመኛል።

ቀፎው ወርዶ ተበይዶ ሲያልቅ ከሰዓት በኋላ መፈተሽ ጀመርኩ። ሌሎቹን ሁሉ አይቼ ከሹፌሩ ራስ በላይ ያለው መጋጠሚያ ጋ ደረስኩ። ፊቱ ደህና ነው። ጀርባው ላይ ግን ብየዳው ከመጋጠሚያው ወደ ጎን ሸሽቶ አንዱ ቱቦ ላይ ብቻ ተኝቷል። ሲያዩት ያምራል፤ የያዘው ነገር ግን የለም። ጋሼ በሩ አጠገብ ቆሞ «እሺ?» አለኝ። ልጅቷ ትከሻውን አቅፋ ትስቃለች፤ አባቷ ስለሠራላት ቀፎ ለጓደኞቿ ስታወራ ነው የሰነበተችው። በእሷ ፊት «ስተሃል» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ነገ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ድምፄን አጥፍቼ እበይደዋለሁ ብዬ እንደ ደህናዎቹ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት።

በማግስቱ ስደርስ ጋሼ ቀድሞኛል። ቀፎውን በክሪክ አንስቶ፣ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ የመጨረሻውን እግር እየበየደ ነበር። ምነው ቸኮልክ ስለው፣ ምልክት አድርገህበት የለም ወይ አለኝ።

እውነቱን ከተናገርኩ ወለሉ ይቀደዳል፣ ሥራው ሁሉ ይፈርሳል፣ ጋሼም ይዋረዳል። ስለዚህ ራሴን አባበልኩ። ፊቱ ደህና ነው፣ ሌሎቹ መጋጠሚያዎች ይይዙታል፣ ደግሞስ ማን ይገለበጣል አለ? ሦስት ሳምንት እንዲህ እያልኩ ከረምኩ። በየቀኑ መናገር እችል ነበር፤ በየቀኑ ተውኩት። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

የተገለበጠችው ውድድር ላይ እንኳ አይደለም። ልምምድ ላይ፣ በዝግታ አንድ የጠጠር ቁልቁለት ስትወርድ መኪናው በጎኑ ተኛና አንዴ ዞረ። አብረዋት የነበሩት ልጆች መጀመሪያ ስቀው ነበር። እንዲህ ያለ አደጋ ቀፎ ባለው መኪና ከሆነ ሰው ጉልበቱን እያሻሸ ይወጣል። ያ ቱቦ ግን ከመጋጠሚያው ተነቅሎ ጭንቅላቷን መታት። ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች።

ከቀብሩ በኋላ መኪናውን ወደ ጋራዣችን ጎትተው አመጡት። ጋሼ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ቱቦዎቹን በአውራ ጣቱ መዳሰስ ጀመረ። አንድ ባንድ ሄዶ የተነቀለው ጋ ደረሰ። ጣቱ እዚያ ላይ ብዙ ቆየ።

«ከመጋጠሚያው ውጪ ነው የበየድኩት» አለ። «እኔ ነኝ የገደልኳት።»

 ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን እስከዚያ ዝም ያልኩት በቅቶኝ ነበር።

«አይቼው ነበር፣ ጋሼ» አልኩት። «ቀፎው ከመነሳቱ በፊት አይቼዋለሁ። ዓይንህ መድከሙን አውቅ ነበር፤ እሷ ፊት ላሳፍርህ አልፈለግሁም።»

ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። መምታት ይገባው ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«የዓይኔን ነገር እኮ ነግሬያት ነበር። አላይም፣ ሌላ በያጅ ፈልጊ አልኳት። ‹አንተ በይደው አባዬ፣ አጎቴ ያየዋል› አለችኝ። በዚህ ነው እሺ ያልኩት።»

 ከዚያ እጁን ዘረጋልኝና ከመኪናው እንዳወርደው ጠየቀኝ፤ መርገጫው አይታየውም ነበር።