የሰው አፍ ሐራም ነው

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ቼዝ ሲጫወት፣ እንጨት ከእንጨት ሲነካ የሚወጣው ያ ደረቅ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ተሰማ። የያዝኩትን የሹራብ ሥራ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዞር አልኩ። የሚጫወተው ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር ነበር፤ አንዱ እርምጃ ቀናት ሊፈጅ ይችላል አለኝ። ከጎኑ ደግሞ ኮምፒውተር ከፍቶ የሚሻለውን እርምጃ ይጠይቀዋል።

«ይሄ ማታለል አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«በዚህኛው ውድድር ይፈቀዳል አክስቴ፤ በሌላው ክልክል ነው። ዋናው አስቀድሞ መስማማት ነው» አለኝ ቀና ሳይል።

አስቀድሞ መስማማት። ይህን ሲል ጋሽ ደምሴ ፊቴ ድቅን አሉ፤ ግራጫ ኮታቸው፣ እጅጌው ላይ የተጋገረው የጠመኔ ብናኝ፣ ከዚያ ደግሞ ያ ባዶ ወንበር።

ጋሽ ደምሴ በጃንሆይ ዘመን ከከተማችን ሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖሩ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ መስኮቱ ወደ ግቢው የሚከፈት። ጠዋት ከሶፊ ገጠር ጫት ጭነው የሚመጡት አህዮች በመንገዱ ሲያልፉ ጋሽ ደምሴ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ፂማቸውን ይላጩ ነበር፤ የሳሙናው ሽታ እኛ በር ድረስ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደግሞ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣሉ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የቼዝ ሰሌዳዎች ነበሩ። አንዱ ነጭ ጨርቅ ይለብሳል፤ አስከሬን ይመስለኝ ነበር። በሌላው ላይ ጠጠሮቹን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ይሞክራሉ። ፊት ለፊታቸው ሁለተኛው ወንበር አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም።

ለዚያ ወንበር ያወሩለት ነበር። «ይሄንንስ አስበኸዋል?» ይሉታል። አንዳንዴ ይስቃሉ። አንዳንዴ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለው ያዩታል። የግቢው ሴቶች «ከጂኒ ጋር ነው የሚጫወተው» ይሉ ስለነበር፣ እናቴ ምግብ አስይዛ ስትልከኝ ሳህኑን ደፉ ላይ አኑሬ እሮጥ ነበር።

እውነቱን የነገረኝ አባቴ ነው። ወንበሩ የአብዱላሂ ነው። አብዱላሂ የሶፊ ገበሬ ልጅ ነበር፤ ጣልያን ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከጋሽ ደምሴ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ቼዝ ያስተማራቸው አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ነው፤ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ሽፋኑ የተገነጠለ የቼዝ መጽሐፍ ትቶላቸው ሄደ። ሁለቱም በቃላቸው እስኪይዙት አነበቡት። አድገው አብዱላሂ ለቡና ንግድ ወደ ጅማ ሲነሳ፣ ሸዋ በር አውቶቡሱ አጠገብ ቆመው በፖስታ ለመጫወት ተስማሙ። ደንቡን ያወጣው አብዱላሂ ነበር። «መጽሐፍ ማየት ይፈቀዳል። ጠጠር እያንቀሳቀሱ መሞከርም ይፈቀዳል። የሰው አፍ ግን ሐራም ነው» አለ። ሌላ ሰው እርምጃ አይጠቁምም ማለት ነው። ተጨባብጠው ተለያዩ።

ከዚያ ወዲህ ፖስት ካርድ እየሄደና እየመጣ ስንት ጨዋታ አለቀ። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሊጠይቋቸው መጥተው የፖስታው ጨዋታ ያለበትን ሰሌዳ ጨርቅ ገለጥ አድርገው «ግንቡን ብታነሳው ኖሮ...» ማለት ሲጀምሩ ጋሽ ደምሴ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከቤት ወጡ። በኋላ ያን ግንብ ሊያነሱት አስበው እንደነበር፣ ነገር ግን ከሰው አፍ ስለሰሙት እንደተዉት ለአባቴ ነገሩት። ጨዋታውንም ተሸነፉ።

አብዱላሂን በአካል ካዩት ብዙ ዘመን ቢሆንም በእርምጃው ያውቁት ነበር። አብዱላሂ ችኩል ነው፤ ፈረሱን ያስጋልባል፤ ለመግደል ሲል መሞት ይወዳል። ታዲያ አንድ ዓመት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ እንግዳ የሆነ ካርድ መጣ። አብዱላሂ ዳር ያለችውን ወታደር አንዲት እርምጃ ብቻ ገፋ አድርጓታል። ጋሽ ደምሴ ካርዱን እያገላበጡ ቆዩ።

«ይሄ እሱ አይደለም» አሉ።

የሚቀጥሉትም ካርዶች እንደዚያው ነበሩ፤ ዝግ ያሉ፣ የሚጠብቁ። ጋሽ ደምሴ ሰውነታቸው ከሳ። ወንበሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ወሬያቸውም ቆመ፤ በመስኮቱ ሳልፍ የሚሰማኝ ዝምታ ከወሬው ይብስ ነበር። አባቴ ሊያጽናናቸው ገባ።

«ጨዋታ እኮ ነው ደምሴ።»

«ብጠይቀው ወዳጄን አስቀይማለሁ። ባልጠይቀው ደግሞ ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ አላውቅም» አሉት።

በመጨረሻ ጠየቁ። ከእርምጃቸው ሥር «ወንድሜ፣ የሰው አፍ ገብቶበታል እንዴ?» ብለው ጻፉ። መልሱ ከወትሮው ይልቅ ዘገየ። ሲመጣ ስለጥያቄው አንድም ቃል የለበትም፤ እርምጃው ብቻ ነው ያለው። ፈረሱ ወታደሮቹን ዘሎ ገብቶ ራሱን ለሞት አቅርቧል። ጋሽ ደምሴ በረንዳው ላይ ወጥተው ጮኹ። «መጣ! አብዱላሂ መጣ!» ወንበሩን መልሰው አዞሩት፤ በእጅጌያቸውም ጠረጉት። ለጅማም «አሁን አገኘሁህ ወንድሜ» ብለው ጻፉ።

ለዚያ ካርድ መልስ አልመጣም። በካርዱ ፋንታ ሰው መጣ።

የሐኪም ጋራ ጉም ወርዶ ግቢው የጨለመበት ከሰዓት በኋላ ነበር። ጥቁር ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት በሩን ገፍታ «የመምህር ደምሴ ቤት የቱ ነው እህቴ?» አለችኝ። አደረስኳት፤ መሄድ ሲገባኝ እዚያው በሩ ጋ ቀረሁ።

«ፈትያ እባላለሁ። የአብዱላሂ ልጅ ነኝ» አለች።

ጋሽ ደምሴ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «አባትሽስ? ከኋላሽ ነው?»

«አባዬ ወደ አኼራ ሄዷል ጋሼ። ረመዳን ሊገባ ሲል።»

ረመዳን ካለፈ ቆይቷል። ጋሽ ደምሴ ጨርቅ የለበሰውን ሰሌዳ አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ። «ታዲያ የሚጽፍልኝ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ተቀመጡ። እሷ ግን እንደቆመች ነገረቻቸው። አብዱላሂ ሲታመም ዓይኑ ደከመ፤ ሰሌዳውን እሷ ታይለት ጀመር። መጀመሪያ እሱ ይናገራል፣ እሷ ታነሳለች። እየቆየ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይላት ጀመር።

«የሰው አፍ ሐራም ነው ብለን ነበር» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ብዬዋለሁ። እሱ ግን ‹የልጅ አፍ የሰው አፍ አይደለም› አለኝ። ሊሞት ሲል ደግሞ ‹ደምሴ ብቻውን ነው፤ ጨዋታውን እንዳታቋርጪበት፤ አደራ፣ አማና› አለኝ። አማና ነው ብዬ ቀጠልኩ።»

ጋሽ ደምሴ ካርዶቹን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደሩ። «የትኛው የሱ ነው? የትኛው ነው ያንቺ?»

ፈትያ ጎንበስ ብላ ያችን የዳር ወታደር ካርድ ነካች። «ይሄ የሱ ነው። ብቻውን ነው ያሰበው። ‹ከእንግዲህ መሮጥ አልችልም፤ ደምሴ ይገባዋል› አለኝ።»

ጋሽ ደምሴ የፈረሱን ካርድ በጣታቸው ገፋ አደረጉ።

«እሱ የኔ ነው» አለች። «የርስዎ ጥያቄ የደረሰው ለቀስተኛ ቤታችን ሳለ ነው። አባዬን አታለለ እንዳይሉት ፈራሁ። እሱ ድሮ እንደሚጫወተው አድርጌ ተጫወትኩ። ‹አሁን አገኘሁህ› ብለው ሲጽፉ ግን ወላሂ እህል አልወርድልሽ አለኝ። አውቶቡስም ባቡርም ተሳፍሬ መጣሁ።»

«የመሃሎቹስ?»

ካርዶቹን እያነሳች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «ይሄ የሱ ይመስለኛል... ይሄ... አላውቅም ጋሼ። አላውቅም።» አለቀሰች።

«በቃ። በቃ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏት። ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማንም ተቀምጦበት አይቼ አላውቅም ነበር።

እኛ ቤት አድራ በማግስቱ ሄደች። ተራው የጋሽ ደምሴ ነበር፤ ግን ያን ጨዋታ ዳግም አልነኩትም። ትንሽ ሰንብተው ከፈትያ ጋር በፖስታ አዲስ ጨዋታ ጀመሩ፤ ደንቡን ሲጽፉ የሰው አፍን ነገር እንዳላነሱ አባቴ ነግሮኛል። ከዚያ በኋላም ለወንበሩ ያወሩ ነበር፤ ወሬው ግን ሳቅ የለውም። አንድ ምሽት በመስኮቱ ሳልፍ «ወታደሯ ያንተ መሆኗን ሳላውቅ...» ሲሉ ሰማኋቸው። የቀረውን ላለመስማት ሮጥኩ። እስካሁን ግን የቀረው ይሰማኛል።

ጋሽ ደምሴ ያረፉት እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት ነው። ለቅሶው ላይ ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ጨርቅ ወደለበሰው ሰሌዳ ግን የተጠጋ የለም፤ አንድ ሰው እንኳ ብርጭቆውን አላኖረበትም። ከቀብሩ በአራተኛው ቀን፣ አባቴ በላከላት ቴሌግራም፣ ፈትያ ደረሰች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላ ካጣፉት ሴቶች መካከል ለብቻዋ ቆመች። ከሩቅ የመጡ አንድ የጋሽ ደምሴ ዘመድ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ሻሿን አይተው ግራ ገባቸው።

«ልጄ፣ ለሟቹ ምኑ ነሽ?» አሏት።

ፈትያ የሻሿን ጫፍ ያዘች።

«ልጁ ናት» አለች እናቴ ከወደ ጓዳው።

ሽማግሌው እናቴን አዩ፤ ፈትያን አዩ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሏት።

«አሚን» አለች።