በእትዬ አስካለ ስም የላክሁት ናሙና

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ የኖርኩት ሐሜትን ነው፤ ሐሜት ይቀላል። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ እስቲ ስሙኝ።

እኔ አስኮ ቤት ለቤት የምዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሴቶቹን ለማኅፀን በር ካንሰር ተመርመሩ እያልኩ ስለምን እውላለሁ። ምርመራው እኮ ቀላል ነው! ሴትዮዋ በገዛ ጓዳዋ፣ ማንም ሳያያት፣ ጫፉ ጥጥ በሆነ ቀጭን እንጨት ናሙና ወስዳ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ትከታለች፤ ላቦራቶሪው ደግሞ ካንሰሩ ገና ሳይጀምር የሚያመጣውን ቫይረስ በዘረመሉ ለይቶ ያወጣዋል። እነሱ ግን ነገ ነው፤ ጾም ላይ ነኝ ነው፤ እንግዳ አለብኝ ነው።

ከሁሉም ያንገበገቡኝ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ናቸው። ስንት ቀን ለምኛቸው፣ በመጨረሻ ብልቃጡን በነጠላቸው ሸፍነው አቀበሉኝ።

"በይ ሂጂ፣ አንቺ ልጅ! ሁለተኛ በዚህ ነገር ደጄን እንዳትረግጪ" አሉኝ።

እኔም አጥብቄ ሳልከድነው ቦርሳዬ ውስጥ ጣልኩት። 18 ማዞሪያ ከታክሲ ስወርድ ቦርሳዬ ርሷል፣ ብልቃጡ ባዶ ነው። ተመልሼ "ደፋሁት" ብላቸው ምን ነበረበት? ቢሰድቡኝ እሞት ነበር? ጤና ጣቢያው መጸዳጃ ቤት ገባሁ፣ በትርፍ ብልቃጥ ከራሴ ወሰድኩ፣ በእሳቸው ስም ላክሁ። እኔ! ሌላውን የማስተምረው እኔ!

ውጤቱ መጣ፤ ቫይረስ የለም። ጤነኛዋ እኔ ነበርኩ። ሄጄ ግን "እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ነፃ ነዎት" አልኳቸው። መረቁኝ፤ አሜን አልኩ።

ዓመት አልፎ ደም ማየት ጀመሩ። ሐኪም ቤት ይሂዱ ብላቸው "ማረጥ ነው ባክሽ። ነፃ ነዎት ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ እንዴ?" አሉኝ። እዚያው መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። "ይሂዱ እንጂ!" ብዬ ጮኽኩባቸው፤ መጮኽ የነበረበት በእኔ ላይ ሆኖ ሳለ። ሲሄዱ ካንሰሩ ተዛምቶ ነበር።

አሁን አልጋ ላይ ናቸው። ሊጠይቋቸው የሚመጡትን ሴቶች "ያ ምርመራ ውሸት ነው፣ እኔን እዩኝ" ይሏቸዋል። ሴቶቹም በራቸውን ዘጉብኝ። "ለእትዬ አስካለ ምን ፈየደላቸው?" ይሉኛል። ምርመራው መቼ አያቸውና! የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይባስ ብለው እትዬ ለልጃቸው "እሷን እንዳትወቅሺ፣ ይሂዱ እያለች ነዝንዛኛለች" ይላሉ።

የባሰውንም ልናገር። ትናንት እግራቸውን እያሸሁላቸው፣ እሳቸው ቢሞቱ ነገሩም አብሮ ይቀበራል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ቀለል አለኝ። አዎ፣ ቀለል አለኝ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ይቅርታ አልለምናችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ነገ ሴቶቹ ሊጠይቋቸው ሲሰበሰቡ ገብቼ በሁሉም ፊት እነግራቸዋለሁ። ይሰድቡኛል። ያን ቀን የሸሸሁት ስድብ ነው፤ አሁንማ ሲያንሰኝ ነው።