ሰሊጥ የምወጋበት ብረትና የአም ኢድሪስ ጀልባ

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ሱዳን፣ ወድ ኤል ሒለው የምትባል የወንዝ ዳር ከተማ፣ ውሃው ሸሽቷት ጭቃ ላይ ጋደል ያለች ጀልባ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። እኔ! ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ከመግዛት ሌላ ሥራ የማላውቀው ሰውዬ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ባል ሰይድ ጀልባ ካልገዛሁ ብሎ ተነሳ። ተራ ጀልባ እንዳትመስላችሁ። ሞተር ያላት፣ ውስጧ መኝታ ሳይቀር ያላት የሽርሽር ጀልባ ነች፣ ግን አርጅታለች። ድሮ አንድ ሀብታም ከፖርት ሱዳን በሎሪ አስጭኖ አመጣት፤ ጦርነቱ ሲመጣ ሽርሽሩም ቀረ፣ እሱም ለአንድ ሽማግሌ ሸጧት ሄደ። ሰይድ ሰውና ዕቃ አሻግርባታለሁ ይላል። በምን ሊገዛት? በእህቴ በዘይነብ አምስት የወርቅ አምባር። ያላት ንብረት እሱ ብቻ ነው።

ስንወጣ እጄን ይዛ «ወንድምዬ፣ ዋጋዋን አንተ ፍረድ። አደራህን፣ ወርቄን ውሃ እንዳይበላው» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ተጠራጣሪ ነኝ፣ አልደብቃችሁም። ከላይ ምርጥ ሰሊጥ፣ ከታች አፈር ተሞልቶ የመጣልኝን ጆንያ ቤት ይቁጠረው።

ሻጩ አም ኢድሪስ ይባላሉ። «አም» አጎት እንደማለት ነው፣ አገሬው ሽማግሌ የሚያከብርበት። መተማ ሲመላለሱ ስለኖሩ አማርኛውን ልቅም አድርገው ነው የሚናገሩት። ገና ከመኪና ስንወርድ ስኳር የበዛበት ሻይ አቀረቡልን። ጠረጠርኩ።

የጀልባዋን ሆድ አየሁት፣ ሰማያዊ ቀለሙ ገና ይሸታል። ጠረጠርኩ።

ሞተሩን በእጄ ነካሁት... ትኩስ! እኛ ሳንመጣ ማን አስነሳው? ለምን? ኧረ ተዉኝ!

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የሽማግሌው አስተያየት ነው። ዓይናቸውን ከእኔ አይነቅሉም። ፈገግ እያሉ ያዩኛል።

«እሺ አም ኢድሪስ፣ ስንት ይላሉ?»

«አንተ ተናገር እንጂ። ዋጋ መቁረጥ ያንተ ሙያ አይደል?»

ሙያዬን ማን ነገራቸው? ሰይድን ገላመጥኩት። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔ አልተናገርኩም» አለኝ።

በቃ፣ እዚህ ቤት አንድ ነገር አለ አልኩና መውጊያዬን ከኪሴ አወጣሁ። ሰሊጥ ገዢ ሁሉ አለችው፤ ጫፏ የሾለ ውስጧ ክፍት የሆነ ብረት ነች። ጆንያውን ወግተህ ስትስባት ሆዱ ውስጥ ያለውን ይዛልህ ትወጣለች።

ሥሯ ተኝቼ ቀለሙ ወፈር ያለበትን ቦታ ፈለግኩ። ከኋላ በኩል አገኘሁ። ወጋሁት... ብረቷ እስከ እጀታዋ ጥልቅ! ስቤ እንደ ልማዴ መዳፌ ላይ ዘቀዘቅኳት። የበሰበሰ እንጨት፣ እርጥብ ዱቄት።

ደስታዬን አትጠይቁኝ! ዘልዬ ወጥቼ መዳፌን ለሁለቱም አሳየሁ።

«ይኸው ጀልባችሁ! ሁለት አምባር፣ ከዚያ አንዲት አልጨምርም!»

ሽማግሌው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፈገግታቸው ብቻ ጠፋ።

«የዛሬ ሁለት ዓመትም እንዲሁ ነው ያደረግከኝ» አሉ።

«እንተዋወቃለን እንዴ?»

«አርባ ጆንያ ሰሊጥ አምጥቼልህ ነበር። ዝናብ የነካው አንዱን ብቻ ነው። እሱን መርጠህ ወጋህና አርባውንም በእሱ ዋጋ ወሰድክ። ዛሬ ከመኪና ስትወርድ ነው ያወቅኩህ። እኔ ከዚያ ወዲያ ሰሊጥ አልዘራሁም።»

ፊታቸውን አላስታወስኩትም፣ ጆንያውን ግን አስታወስኩት። ከሥሩ ጠቆር ያለ፣ ከግድግዳው በኩል የቆመ... አይቼው ነበር። አውቄ ነው የወጋሁት። ቢያንስ ለእናንተ ልዋሽ አልችልም።

ሰይድ መሬት መሬት ያያል። እኔ በሐፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

«አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«የሰሊጡን አውፍ ብያለሁ» አሉ። «የጀልባዋን ግን በልኩ ክፈሉኝ። ተመለስና አሥር ቦታ ውጋ። ቦታውን ግን አንተ አትምረጥ፣ አማችህ ይምረጥልህ።»

ተመልሼ ተኛሁ። ሰይድ ከጎኔ ተንበርክኮ በጣቱ እያሳየኝ ከፊት፣ ከመሐል፣ ከጎን ወጋሁ። አሥሩም ቦታ ብረቷ ቀለሙን ጫር አድርጋ ቆመች። የበሰበሰው ያ የመጀመሪያው ብቻ ነበር፣ የአንዲት ሳንቃ ነገር።

ስነሳ ግን አመሌ አለቀቀኝም። «ሞተሩስ? ለምን ሞቀ?»

አም ኢድሪስ ሳቃቸው መጣ። «እሱን እንኳ እውነትህን ነው። ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለች ታስቸግራለች፣ ቀድሜ አሙቄ ልሸውዳችሁ ነበር።»

ሰይድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ የኔ ግን ሳቅ አይባልም። በአራት አምባር ተስማማን፤ ሳንቃዋንና ሞተሩን ሰይድ ሊያሠራ። ደግሞ ልክ ዋጋዋ ነው፣ ማንም ቢጠይቀኝ እምላለሁ።

ማታ አምስተኛውን አምባር ለዘይነብ መለስኩላት። እጇ ላይ አጥልቃ «ልክ ዋጋዋን ነው ያገኘናት?» አለች። «ልክ ነው» አልኩ። «በምን አወቅክ?» ስትል መውጊያዬን ከኪሴ አውጥቼ መጥረግ ጀመርኩ።

ትናንት ጀልባዋ ተጠግና ውሃ ላይ ወረደች። ሰይድ አፍንጫዋ ላይ በነጭ ቀለም ስም ጽፎላታል... «አንዷ ጆንያ»።

ተሳፋሪው ሁሉ ምን ማለት ነው ብሎ ሲጠይቀው «እሱን ጋሼን ጠይቁት» ይላል አሉ። ይኸው፣ ሳትጠይቁኝ ነገርኳችሁ።