ስክሪኑን ብቻ ነው ያጠፋሁት

እጄ አያርፍም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቡራዩ አንድ ቪዲዮ ቤት ኤዲተር ሆኜ ስገባ መጀመሪያ ጉድ የሠራኝ ይኸው እጄ ነው። ቪዲዮው ተቆርጦ ተቀጥሎ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ሁሉን አንድ ላይ እስኪያዋህደው መጠበቅ አለ፤ ሬንደር እንለዋለን። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ በዚህ መሀል ከነካኩት ቀጥ ይላል። እኔ ደግሞ ስክሪኑ በርቶ ካየሁ ሳልነካካ አልቀመጥም። ስለዚህ ሬንደር ከጀመረ ስክሪኑን አጠፋለሁ። ሲፒዩው ጠረጴዛው ሥር ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል።

አንድ እሁድ የአንዲት ሙሽራ አባት መጡ። መልሱ የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ለሙሽራው ወገን የሰርጉን ቪዲዮ ሊያሳዩ ቃል ገብተዋል። አምስት ሰዓት ላይ ሬንደሩን አስጀመርኩ፣ ስክሪኑን አጠፋሁ፣ «አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብዬ ቁርስ ልበላ ወጣሁ።

ስመለስ ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል።

«መብራት ሄደ። ሲመጣ እንዳያቃጥልብሽ ብዬ ነቀልኩልሽ» አሉኝ፤ ምስጋና ሲጠብቁ ያስታውቃሉ።

እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። ቢሆንም ተናደድኩ።

«ጎረቤት ወፍጮ ቤቱ እየጮኸ እንዴት ሄደ ይላሉ?»

«የኛ አገር ወፍጮ እኮ በናፍጣ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ያጠፋሁት ስክሪኑን ብቻ እንደሆነ፣ አሁን ግን ሁሉም ከዜሮ እንደሚጀመር ሳላለዝብ ነገርኳቸው። ሳልነግራቸው መውጣቴ የኔ ጥፋት ነው፤ እሱንም አልኩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሬንደሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ማንም ካልነካው ይደርሳል።

እንደገና አስጀመርኩት፤ ስክሪኑን አጠፋሁት። እሳቸው ወንበራቸውን ጎትተው ሶኬቱ አጠገብ ቁጭ አሉ። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ጎረምሳ ስልኩን ቻርጅ ሊሰካ ሲጠጋ በዱላቸው መለሱት። ስምንት ሰዓት ላይ እኔኑ አላስችል አለኝ። የት ደርሶ ይሆን? ጣቴን ወደ ስክሪኑ ማብሪያ ስሰድ ዱላው መሀል ገባ።

«አትንኪው። ይሠራል ብለሻል።»

እጄን ሰበሰብኩ።

ስልካቸው ጮኸ። ባለቤታቸው ናቸው። በኦሮምኛ ጥቂት አወሩና «ቶሌ፣ ቶሌ»፣ እሺ እሺ ብለው ዘጉት። ምን እንደተባባሉ ጠየቅኳቸው።

«እንግዶች መግባት ጀምረዋል፤ ደርሷል ወይ አለችኝ። አይታይም፣ ግን እየተሠራ ነው አልኳት።»

ስምንት ተኩል እንዳለፈ ሲፒዩው ማጓራቱን ቀነስ አደረገ። ተያየን። ስክሪኑን አበራሁት፤ አልቋል። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ትንሽ ላሳያቸው ስል፣ «ከሰው ጋር አየዋለሁ» ብለው ፍላሹን መሀረብ ውስጥ ቋጠሩት። ባጃጃቸው አስፋልቱን ሲሻገር ለዘጠኝ ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀር ነበር።